የፑል ውድድር ቀጥታ ስርጭት፦ ከአንድ ስልክ እስከ ባለብዙ ካሜራ፣ የትኛው አደረጃጀት ለየትኛው ውድድር?

የፑል ውድድር አዘጋጅ ጨዋታውን በቀጥታ ለማስተላለፍ ሲነሳ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፍለታል። አንዱ "ስልክ ይበቃል" ይላል፤ ሌላው አራት ካሜራና ስዊቸር (ከአንዱ ካሜራ ምስል ወደ ሌላው መቀየሪያ) ካልተገዛ አይሆንም ይላል፤ ሦስተኛው በኔትወርክ የሚዞሩ ካሜራዎችን ያነሳል። ሁሉም በቦታቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ ምክሩ ከዕቃው መጀመሩ ነው። መጀመር ያለበት ተመልካቹ ሊያይ ከሚፈልገው ነው። የፑል ተመልካች ተጫዋቹ ያየውን ማየት ይፈልጋል፦ ነጩ ኳስ የት እንዳለ፣ የሚመታው ኳስ ወደ ቀዳዳው መስመር እንዳለው፣ መንገድ የዘጋው ኳስ የቱ እንደሆነ፣ ከምቱ በኋላ ነጩ የት ሊቆም እንደሚችል። ይህ ካልታየ ስድስት ካሜራ ቢደረደርም የሚተላለፈው ሰዎች ጎንበስ ቀና ሲሉ ብቻ ነው።

## መስፈርቶቹ

ሁሉም ኳስ ይታያል ወይ? ባለ 9 ጫማ ጠረጴዛ የመጫወቻ ሜዳው 254 በ127 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኳሱ 57 ሚሊ ሜትር ብቻ። ካሜራው ከጠረጴዛው ጫፍ 3.5 ሜትር ርቆ፣ ከወለሉ 1.6 ሜትር ከፍታ ባለው ተራ ማቆሚያ ላይ ቢቆም ሜዳውን የሚያየው በ13 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ማዕዘን አንድ ኳስ ከኋላው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ይሸፍናል፤ በካሜራው በኩል ያለው ጠርዝ ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደብቃል። ከዚያ ጠርዝ ጋር የተጣበቀ ኳስ አናቱ ብቻ ብቅ ይላል። ያንኑ ካሜራ እዚያው ቦታ ላይ ወደ 2.8 ሜትር ከፍ ቢያደርጉት ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ይሆናል። ኳሱ የሚሸፍነው ወደ 11፣ ጠርዙ የሚደብቀው ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ረዘም ያለ ማቆሚያ ወይም ግድግዳ ላይ የሚታሰር ክንድ ነው። በስርጭት ሥራ ውስጥ በዚህ ያህል አነስተኛ ገንዘብ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ነገር የለም።

እንቅስቃሴው ጥርት ብሎ ይታያል ወይ? በጠንካራ ብሬክ (የተደረደሩትን ኳሶች በሚበትነው የመክፈቻ ምት) ነጩ ኳስ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰከንድ 30 ፍሬም በሚቀርጽ ካሜራ ኳሱ ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው 30 ሴንቲ ሜትር ይዘላል፤ በ60 ፍሬም 15 ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ ለፑል ከ60 ፍሬም (የመብራት ኃይሉ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ከ50 ፍሬም) በታች አይውረዱ። ኢንተርኔቱ ካልቻለ የምስሉን መጠን ከ1080 ወደ 720 ይቀንሱ እንጂ ፍሬሙን አይንኩ።

የካሜራው መዝጊያ ለእያንዳንዱ ፍሬም ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ ብዥታውን ይወስናል። በ60ኛ ሰከንድ (1/60) የተቀረጸ የብሬክ ኳስ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጭረት ይሆናል፤ በ250ኛ ሰከንድ 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን ይህ አራት እጥፍ ብርሃን ይጠይቃል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ከኤሌክትሪኩ ጋር እየተርገበገበ ስለሚበራ፣ በማይስማማ መዝጊያ ሲቀረጽ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይንከባለላሉ። መፍትሔው በ50 ኸርዝ አገር 100ኛ ሰከንድ፣ በ60 ኸርዝ አገር 120ኛ ሰከንድ ላይ መቆለፍ ነው። ከዚያ በላይ መፍጠን የሚቻለው መብራቱ የማይርገበገብ ሆኖ ሲገዛ ብቻ ነው።

መብራቱስ? የዓለም ፑል ቢሊያርድ ማኅበር የመሣሪያ መስፈርት የሜዳውና የጠርዙ እያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ 520 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) እንዲደርሰው ይጠይቃል። ወደ ጎን ሊነሳ የማይችል መብራት ደግሞ ከሜዳው በላይ ከ165 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዳይል ይደነግጋል። በስልክ ላይ የሚጫን የብርሃን መለኪያ ፍጹም ትክክል ባይሆንም አራቱን ማዕዘኖች ከመሃሉ ጋር ለማነጻጸር ይረዳል። መሃሉ 900፣ ማዕዘኑ 350 ከሆነ ካሜራው መሃሉን ነጭ አድርጎ ማዕዘን ቀዳዳዎቹን ያጨልማል፤ ተመልካቹም ኳስ ገባ አልገባም ብሎ ይጠራጠራል። ለስርጭት የሚመረጠው ጠረጴዛውን እንደ አራት ማዕዘን ክፈፍ የሚከብ መብራት ነው። ጥላን ይቀንሳል፤ መሃሉ ክፍት ስለሆነም ከላይ የሚያይ ካሜራ በዚያ በኩል ሜዳውን ያያል።

ቀለማቱ ይለያሉ ወይ? የቀጥታ ስርጭት ምስል የቀለም መረጃን በሁለቱም አቅጣጫ በግማሽ ቀንሶ ነው የሚልከው። ከላይ የሚያይ ካሜራ በ1080 ምስል አንድን ኳስ በ38 ነጥብ (ፒክስል) ስፋት ካሳየ፣ ቀለሙ የሚሳለው በ19 ነጥብ ነው ማለት ነው። ቀዩ 3 ቁጥርና ጥቁር ቀይ የሆነው 7 ቁጥር፣ ወይን ጠጁ 4 ቁጥርና ጥቁሩ 8 ቁጥር የሚምታቱት ለዚህ ነው። ለቴሌቪዥን በተዘጋጁት የኳስ ስብስቦች 4 ቁጥር ሮዝ፣ 7 ቁጥር ፈዘዝ ያለ ቡናማ የተደረጉት ይህን ለመፍታት ነው። ነጩን ኳስ ቀይ ነጠብጣብ ባለው ቢተኩት ደግሞ ተመልካቹ ሽክርክሪቱን በዓይኑ ያያል። ሌላ ካሜራ ከመግዛት በፊት ኳሶቹን መቀየር ይቀድማል ብዬ አምናለሁ።

የጨዋታው ሁኔታ ይነበባል ወይ? መሃል ላይ የገባ ተመልካች በአምስት ሰከንድ ውስጥ ማወቅ ያለበት፦ ስሞቹ፣ ውጤቱ፣ ስንት ላይ እንደሚያልቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ማን እንደሆነ፣ ብሬኩ የማን እንደሆነ። በ8 ኳስ ሙሉ ቀለሙንና ባለ መስመሩን ማን እንደያዘ፣ በ9 ኳስ ተከታታይ ፋውል ስንት እንደሆነ ይጨመራል። የምት ሰዓት ካለ እሱም ይታይ።

ስንት ሰው ይጠይቃል? ቀኑን ሙሉስ ይዘልቃል? የውድድር ቀን አሥር ሰዓት ሊሞላ ይችላል። በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉም ነገር ይሠራል፤ መታየት ያለበት ስምንተኛው ሰዓት ላይ የሚሆነው ነው።

## አምስቱ አደረጃጀቶች

### 1. አንድ ካሜራ ወይም አንድ ስልክ

ስልኩን ኳሶቹ በሚደረደሩበት ጫፍ፣ ከላይ በተጠቀሰው ከፍታ ይስቀሉት። ከብሬክ ጫፍ ከተቀመጠ የተጫዋቹ ጀርባ ብሬኩን ይሸፍናል። ከመደርደሪያው ጫፍ ከሆነ የሚሸፍነው ኳስ ደርዳሪው ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ የሚያመልጥ ነገር የለም። እጅግ ሰፊ የሚያሳየውን ሌንስ ሳይሆን ዋናውን ይጠቀሙ፤ ሰፊው ጠረጴዛውን እንደ ሙዝ ያጎብጠዋል።

ትኩረት፣ የብርሃን መጠንና የነጭ ሚዛን (ካሜራው ቀለምን የሚያስተካክልበት ቅንብር) ሦስቱም በእጅ መቆለፍ አለባቸው። ካልተቆለፉ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ተጫዋች ጎንበስ ባለ ቁጥር ጨርቁ ይጨልማል፤ ካሜራው ሰማያዊውን ጨርቅ "ለማረም" ሲሞክርም ነጩ ኳስ ቢጫ ይሆናል።

ስልክ የሚሸነፈው በሙቀት ነው። ቻርጅ እየተደረገ በ60 ፍሬም ሲያስተላልፍ ይግላል፣ ፍሬም መጣል ይጀምራል፣ በመጨረሻም ይዘጋል። ሽፋኑን ያውልቁ፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ያድርጉ፣ ከመብራቱ ያርቁት፣ ትንሽ ማራገቢያ ያዙሩበት። ስልክ ጥሪም ስርጭቱን ሊያቋርጥ ስለሚችል የጥሪ መስመሩን ዘግተው በዋይፋይ ወይም በኬብል ያገናኙት።

### 2. ሁለት ካሜራ፣ አንድ ላፕቶፕ

ከጫፍ የሚያይ አንድ፣ ከላይ የሚያይ አንድ፣ ሁለቱን የሚያቀናጅ ሶፍትዌር። ኦቢኤስ ስቱዲዮ በነጻ ይገኛል፤ ቪሚክስ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ የሚከፈልበት ነው፣ በከፍተኛ እርከኑ የድጋሚ ማሳያ መሣሪያ አለው። ለአብዛኛው ውድድር የምመክረው ይህን አደረጃጀት ነው።

ከላይ የሚያየው ካሜራ ለፑል የተፈጠረ ይመስላል፦ ጠረጴዛው ከነጠርዙ 2.9 በ1.6 ሜትር ገደማ ስለሆነ የ16 በ9 ምስልን ልክ ይሞላዋል። 70 ዲግሪ አግድም ዕይታ ያለው ሌንስ ከሜዳው 2.1 ሜትር ያህል በላይ፣ ማለትም ከወለሉ 2.9 ሜትር አካባቢ መሰቀል አለበት። ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነ 90 ዲግሪ ያለው ሌንስ በ1.45 ሜትር ይበቃዋል፤ ነገር ግን ዳር ያሉት ኳሶች እንቁላል ይመስላሉ። ካሜራውን መብራቱ ላይ አይሰሩት፤ መብራቱ በተነካ ቁጥር ምስሉ ይወዛወዛል። ጣሪያው ላይ ይታሰር፣ ከማሰሪያው ሌላም የብረት መጠባበቂያ ገመድ ይኑረው፤ ከሥሩ የሰው ጭንቅላት አለ።

ይሁን እንጂ ከላይ የሚያይ ካሜራ ብቻውን አይበቃም። ከፍታን አያሳይም፤ ኳስ ዘሎ መሰናክሉን ሲያልፍ ከላይ የሚታየው በውስጡ ሰንጥቆ እንዳለፈ ሆኖ ነው። ስለዚህ ምቱን ከጫፍ፣ የምቱን እቅድ ከላይ ያሳዩ። ተጫዋቹ ዙሪያውን እየዞረ ሲያስብ ከላይ ያለው ምስል ሙሉ ይሁን፤ ሊመታ ጎንበስ ሲል ወደ ጫፉ ይቀይሩ። የሚቀይር ሰው ከሌለ የጫፉን ሙሉ አድርገው የላዩን በትንሽ መስኮት ከላይ በኩል ባለው ጥግ ያስቀምጡት፤ እዚያ የሚሸፈነው ወለልና ወንበር ነው።

የካሜራን ምስል ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ሁለት የምስል መቀበያ መሣሪያዎች በአንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩ አንዱ ሊጠቁር ይችላል፤ መስመሩ ሁለቱን አይችልም። ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ፣ በተለያየ ጎን ይሰኩ።

### 3. ሃርድዌር ስዊቸርና ሦስት ወይም አራት ካሜራ

ትርፉ አስተማማኝነት ነው። የኮምፒውተር ዝማኔ አያቋርጠውም፣ ቁልፉ በጣት ይዳሰሳል። ሦስተኛው ካሜራ የተጫዋቹን ፊት፣ አራተኛው አዳራሹን ያሳያል። የሚጠይቀው ግን ጨዋታውን የሚያውቅ ቀያሪ ነው። ኳስ እየተንከባለለ ምስል መቀየር ትልቁ ስህተት ነው፤ ተመልካቹ ነጩን ፈልጎ ሲያገኘው ቆሟል። ፊት የሚቀርበው በሁለት ምት መካከል ብቻ ነው። በቴክኒክ የተካነ ፑል ግን የማያውቅ ሰው ይህን ደጋግሞ ይሳሳታል፤ ፑል የሚያውቅ ሰው ቁልፎቹን በአንድ ከሰዓት ይለምዳቸዋል።

ተራ የኤችዲኤምአይ ኬብል ከ10 ሜትር በላይ ሲረዝም ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል። ለረጅም ርቀት ኤስዲአይ (የባለሙያ ካሜራዎች የምስል ማስተላለፊያ መስመር) ያስፈልጋል፤ ጥሩ ኬብል እስከ 100 ሜትር ገደማ ይዘልቃል። ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት ጽሑፍ የሌለበት ንጹህ ምስል በኤችዲኤምአይ ማውጣቱን፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ራሱን አለማጥፋቱንና ከባትሪ ይልቅ በቀጥታ ከኤሌክትሪክ መሥራት መቻሉን ያረጋግጡ።

### 4. ከርቀት የሚዞሩ የኔትወርክ ካሜራዎች

በአንድ የኔትወርክ ኬብል ኃይልም፣ ምስልም፣ ትእዛዝም ያልፋል፤ እስከ 100 ሜትር። አንድ ሰው ተቀምጦ ሦስት ካሜራ ያዛል፤ የተመልካቹን ወንበር የሚዘጋ ማቆሚያና ካሜራማንም አይኖርም። ቦታዎቹን አስቀድመው ይመዝግቡ፦ ሙሉ ጠረጴዛ፣ የብሬክ ጫፍ፣ የተጫዋች ወንበር። ካሜራውን በአየር ላይ ሳለ አያዙሩት፤ ሌላው ሲታይ ያዙሩት።

ሻጮች የሚያደንቁትን "ራሱ ይከተላል" የተባለውን ችሎታ ለፑል ያጥፉት። የሚከተለው ሰውን እንጂ ኳስን አይደለም፤ ተጫዋቹ ወደ ወንበሩ ሲሄድ ካሜራውም አብሮት ይሄዳል። ሌላው ጥንቃቄ ኔትወርኩ ነው፦ ሙሉ ጥራት ያለው ኤንዲአይ (ምስልን በኔትወርክ የማስተላለፊያ ዘዴ) ለአንድ ካሜራ ከ100 ሜጋቢት በሰከንድ በላይ ይበላል። ለካሜራዎቹ ብቻ የተለየ ጊጋቢት ማከፋፈያ ያስፈልጋል፤ ከእንግዶች ዋይፋይ ጋር መቀላቀል የለበትም።

### 5. በየጠረጴዛው አንድ ካሜራ

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተመልካች የሚፈልገው የራሱን ተጫዋች ነው፤ ዋናው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው ቢጫወት አይጠግብም። ስምንት ጠረጴዛ ላይ ስምንት ካሜራ፣ ያለ ተንታኝ፣ ያለ ቀያሪ። ስምንቱን በአንድ ኮምፒውተር ከማስተላለፍ ለየጠረጴዛው ትንሽ ኢንኮደር (ምስሉን አጭቆ ወደ ኢንተርኔት የሚልክ መሣሪያ) ይሻላል፤ አንዱ ሲወድቅ ሰባቱ ይቀጥላሉ። በ720፣ በ60 ፍሬም እያንዳንዱ 4 ሜጋቢት ቢወስድ በድምሩ 32 ይሆናል፤ በእጥፉ የመላኪያ ፍጥነት ሊኖር ይገባል። ውጤቱን ተጫዋቾቹ ራሳቸው በታብሌት ያስገቡ፤ ያለ ውጤት የሚተላለፍ የጎን ጠረጴዛ ማንም አይከታተለውም።

## በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| አደረጃጀት | የኳስ ዕይታ | የሰው ኃይል | ወጪ | በብዛት የሚበላሸው |
|---|---|---|---|---|
| አንድ ስልክ | ከፍ ካለ ጥሩ፣ ዝቅ ካለ ደካማ | ውጤት የሚያስገባ 1 | ዝቅተኛ | ሙቀት፣ ጥሪ |
| ሁለት ካሜራና ላፕቶፕ | በጣም ጥሩ | 1 ወይም 2 | መካከለኛ | ዩኤስቢ፣ የኮምፒውተር ዝማኔ |
| ስዊቸርና 3–4 ካሜራ | በጣም ጥሩ፣ ፊትም አለ | ከ3 እስከ 5 | ከፍተኛ | ረጅም ኬብል፣ ያለጊዜው መቀየር |
| የሚዞሩ ካሜራዎች | በጣም ጥሩ | 2 | ከሁሉም ከፍተኛ | የኔትወርክ መጨናነቅ |
| በየጠረጴዛው አንድ | መካከለኛ፣ ግን ሁሉም ጨዋታ አለ | 1 ተቆጣጣሪ | እንደ ጠረጴዛው ብዛት | የመላኪያ ፍጥነት ማነስ |

## ለማን የትኛው?

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፦ ያለዎትን ስልክ ይያዙ፣ ገንዘቡን ለመብራትና ለከፍታ ያውሉት። 520 ሉክስ ያገኘ ስልክ ጨለማ ውስጥ ካለ ውድ ካሜራ የተሻለ ምስል ይሰጣል።

በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚካሄድ ውድድር፦ ሁለተኛው። ካሜራዎቹ ተሰቅለው ይቅሩ፤ በየጊዜው ማውረድና መስቀል ማዕዘኑንም ቅንብሩንም ያበላሻል።

በዓመት አንዴ የሚካሄድ ትልቅ ሽልማት ያለው ውድድር፦ ስዊቸርና ካሜራዎችን ይከራዩ፣ ለቀያሪው ደግሞ በደንብ ይክፈሉ። ለዋናው ጠረጴዛ ሦስተኛው፣ ለቀሩት አምስተኛው አብረው ይሂዱ።

ቋሚ አዳራሽ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስተላልፍ፦ አራተኛው። ወጪው የሚመለሰው በሰው ኃይል ቁጠባ ስለሆነ በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ ለሚያስተላልፍ አይመከርም።

## የትኛውንም ቢመርጡ የማይቀሩ

ድምፅ ችላ ይባላል፤ ግን የኳስ ግጭት ድምፅ የምቱን ጥንካሬ የሚነግር መረጃ ነው። አንድ ማይክ ከመብራቱ ክፈፍ በላይ ይሰቀል፤ የብሬኩ ድምፅ ከልክ አልፎ እንዳይሰነጠቅ የድምፅ መገደቢያ ይደረግበት። ምስል በመቀበያ መሣሪያ ሲያልፍ ይዘገያል፣ በቀጥታ የገባ ድምፅ ግን ይቀድማል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኳስ አጋጭተው ይቅረጹ፣ ልዩነቱን ይቁጠሩ፣ ድምፁን በዚያው ልክ ያዘግዩ። የአዳራሹን ሙዚቃ ያጥፉ፤ በቅጂ መብት ምክንያት ዩቲዩብና ፌስቡክ ስርጭቱን ድምፅ አልባ ሊያደርጉት ወይም ሊያቋርጡት ይችላሉ።

ለ1080 በ60 ፍሬም ከ6 እስከ 9 ሜጋቢት በሰከንድ ይላኩ፤ የመላኪያ ፍጥነቱ የዚያ እጥፍ ይሁን። በ8 ሜጋቢት አሥር ሰዓት ማስተላለፍ 36 ጊጋባይት ይፈጃል፤ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ይህን አስቀድሞ ያስላ። ፍጥነቱን የሚለኩት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ውድድሩ በሚካሄድበት ሰዓት፣ ሰዎች ስልካቸውን ይዘው በተቀመጡበት ነው። መስመሩ የሚወላውል ከሆነ በተለመደው የመላኪያ ዘዴ በአርቲኤምፒ ፈንታ፣ ለሚወላውል መስመር የተሠራውን ኤስአርቲ የተባለ ዘዴ የሚቀበል መንገድ ይፈልጉ። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ጨዋታው እንዳይጠፋ ከስርጭቱ ጎን ለጎን ዲስክ ላይ ይቅረጹ፤ ዲስኩ የሁለት ቀን ቅጂ የሚይዝ ይሁን።

ከውድድሩ አንድ ቀን በፊት ሙሉ ሦስት ሰዓት ለራስዎ ብቻ በሚታይ ስርጭት ይሞክሩ። ሁለት ሰው እየተጫወተ፣ ውጤት እየገባ ይሁን። ከዚያ ቅጂውን በስልክ ስክሪን ላይ ይክፈቱና ማዕዘን ቀዳዳ አጠገብ ያለ ኳስ ቁጥሩ ይነበብ እንደሆነ፣ የውጤት ሰሌዳው ደግሞ የትኛውንም ቀዳዳ ይሸፍን እንደሆነ ይመልከቱ።